ለመጣው ሁሉ አሜን አትበሉ

ልጆቼ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከወጣቶች ጋር የማወራበት ጊዜ በዝቷል። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት እዚሁ ጎንደር፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረትና ሂሳብ ላይ ነው። ስለዚህ ወሬያችን ዞሮ ዞሮ ገንዘብ ላይ ይወድቃል። «በዚህ ደመወዝ፣ በዚህ የኑሮ ውድነት፣ እግዚአብሔር ያሟላልኛል ብሎ መኖር ይቻላል ወይ?» ትሉኛላችሁ። ይቻላል። እናንተ የምትፈሩት እሱ እንዳይዘገይ ነው። እኔ የምፈራላችሁ ግን ሌላ ነው፤ በቸገራችሁ ሰዓት ከች ያለውን ሁሉ እሱ የላከው እንዳይመስላችሁ።

መጀመሪያ ቀላሉን ላንሳ። ቤቲንግ ቤት ገብቶ ቲኬት ከቆረጠ በኋላ ቡድኑ እንዲያሸንፍለት ስእለት የሚሳል ልጅ አውቃለሁ። በመተማ በኩል ሊወጣ ለደላላ ከፍሎ «እሱ ያውቃል» ያለኝም አለ። እሱማ ያውቃል! ደላላውንም ጭምር ያውቀዋል። ቅዱስ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» ብሏቸዋል፤ እዚህ ላይ ብዙ አልጨምርም።

አንዳንዱ ደግሞ በተቃራኒው ይጨነቃል። ባንክ ትንሽ ካስቀመጥኩ እምነት አጣሁ ማለት ነው ወይ ይለኛል። ለመሆኑ ጎንደር ውስጥ ውሃ በመጣ ቀን በርሜል የማይሞላ ቤት አለ? ጀሪካኑ፣ ባልዲው፣ ድስቱ ሳይቀር ይሞላል። ይህን እምነት ማጣት ነው ያለ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። ዘጸአት 16ን አንብቡት። መናውን ለነገ ያሳደሩት ሰዎች ተልቶባቸዋል። ያው መና በስድስተኛው ቀን እጥፍ ተለቅሞ ሲያድር ግን አልሸተተም፣ አልተላም። የመጀመሪያዎቹ ያሳደሩት «ነገ ባይወርድስ» ብለው ነው፤ የስድስተኛው ቀን ግን ታዘው ነው። ማስቀመጡ ብቻውን ጥፋት አልነበረም።

ይህን በዓይኑ ማየት የፈለገ ወደ በአታ ቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ቤት ይሂድ። ከቤተ ክርስቲያን የዜማ ትምህርቶች ድጓ ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር፣ ዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ፣ አቋቋም ደግሞ እዚህ በአታ ይመሰከራል፤ ማለትም ተማሪው መምህር ለመሆን የሚመረቀው እዚያ ነው። ተማሪው ከየት ከየት አገሩ ይመጣል። አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይቆማል። ውሻ ያባርረዋል። ከአንዱ ቤት ቁራሽ ያገኛል፤ ከሌላው «እግዜር ይስጥህ» ተብሎ ባዶውን ይመለሳል። የተረፈችውን እንጀራ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ኮቸሮ ያደርጋታል፤ መውጣት ላልቻለበት ቀን ትሆነዋለች። ማታ ደግሞ ቀለሙን ይቀጽላል። ልብ በሉ፣ ይለምናል፣ ያስቀምጣል፣ ይማራል። «እሱ ያውቃል» ብሎ ጎጆው ውስጥ ቢተኛማ ኖሮ መሪጌታ ከየት እናገኝ ነበር?

አሁን ወደ ፈራሁላችሁ ነገር ልምጣ። ወጣት የንብረት ሠራተኛ ሳለሁ ሲሚንቶ የሚያቀርብልን አንድ ነጋዴ ነበር። አንድ ቀን ጭነቱ ሲራገፍ ጎደለ። ሰውየው ወደ ጥግ ወሰድ አደረገኝና «ሞዴል 19 ላይ ሙሉ ብለህ ፈርምልኝ» አለ። ሞዴል 19 ዕቃ ገቢ ሲሆን የሚፈረምበት ደረሰኝ ነው። እጁ ፖስታ ይዞ ወደ ደረት ኪሴ እየመጣ ነው። የወር መጨረሻ ነበር። የቤት ኪራይ አልከፈልኩም፤ ባለቤቴ ደግሞ አራስ ነበረች። ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ከተማችን ያኔ ትንሽ ነበረች። «ጸሎተኛ ነህ አሉ። ስትጸልይ ሰንብተህ የለም እንዴ? ይኸው መልሱ መጣልህ» አለኝ። የሚቀልድ አልመሰለኝም። ከልቡ ነበር።

የተራገፈውን ያህል ጽፌ ፈረምኩ። እያጉረመረመ ሄደ። ማታ ለባለቤቴ ስነግራት «ጎበዝ» አላለችኝም። «እሺ፣ ኪራዩስ?» ነው ያለችኝ። ልክ ነበረች። በዚያ ሰሞን ሰማይ አልተከፈተም። ያወጣን እቁብ ነው። ዕጣ የደረሳቸው አንዲት ጠላ ሻጭ፣ እትዬ የምንላቸው፣ «ለአራስ ቤትማ» ብለው ተራቸውን ለቀቁልን። የእኛ ዕጣ ሲወጣ እሳቸው ወሰዱ። የገንፎ ዱቄትም አስከትለው ልከዋል።

ማቴዎስ 4ን ከዚያ በፊትም አነብ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ሆነብኝ። ጌታ 40 ቀንና 40 ሌሊት ጾሞ ተራበ። ቀድሞ የደረሰው ማን ነው? ፈታኙ። ይዞት የመጣውም የዳቦ ሐሳብ ነው። ለተራበ ሰው ከዚህ የሚስማማ ምን አለ? ሰዓቱም ልክ ነው፣ ችግሩም እውነት ነው፣ ዳቦም በራሱ ኃጢአት አይደለም። ጌታ ግን እምቢ አለ። መላእክት መጥተው ያገለገሉት ከዚያ በኋላ፣ ቁጥር 11 ላይ ነው። በመሐል ሆዱ ባዶ ነበር። ስብከታችን ይህችን መሐል ለምን እንደሚዘላት አላውቅም፤ የእናንተ የወር መጨረሻ ያለው እኮ እዚያች ላይ ነው።

ታዲያ በምን እንለየዋለን ትሉኝ ይሆናል። ጠለቅ ያለውን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። እንደ ሂሳብ ሠራተኛ ግን አንድ ነገር ልበላችሁ። ከየት እንደመጣ ለእናታችሁ ከነዝርዝሩ ልትነግሯት የማትደፍሩትን ገንዘብ ይዛችሁ «ተመስገን» አትበሉ። ኦዲተር መጣ ሲባል ሆዳችሁን የሚቆርጣችሁ ገንዘብ እግዚአብሔር የላከላችሁ አይደለም።

ደግሞ ስትቸገሩ ተናገሩ። የእኛ አገር ሰው ኩራቱ አይጣል ነው፤ ጦሙን ያድራታል እንጂ አፉን አይከፍትም። ጸሎታችሁን እግዚአብሔር ይሰማል፤ ጎረቤት ግን ካልነገሩት ከየት ያውቃል? እትዬ የሰሙት ባለቤቴ ስለነገረቻቸው ነው። ለእኔ ቢተው ኖሮ ዝም ብዬ ነበር የምጨርሰው። እቁቡም፣ ዕድሩም፣ የጽዋ ማኅበሩም ለድግስ ብቻ የተቋቋመ አይምሰላችሁ።

ንብረት ክፍል ለተመደባችሁት ደግሞ፣ ሲሚንቶ ሲራገፍ ጥላ ሥር ተቀምጣችሁ ሹፌሩ የነገራችሁን ቁጥር አትጻፉ። ከረጢቱን ራሳችሁ አንድ በአንድ ቁጠሩ፤ ሞዴሉ ላይ የምትፈርሙት ከዚያ በኋላ ነው።