ኮንዶሚኒየሙን ሸጠን ለንደን እንላካት?

ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ፣

የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ 18 ዓመቷ ነው፤ ከ9 ዓመቷ ጀምሮ ቫዮሊን ትጫወታለች። እኔ ስለ ሙዚቃ የማውቀው ነገር የለም። አስተማሪዋ ግን “ይቺ ልጅ እዚህ መቅረት የለባትም” ካለኝ ቆይቷል።

ለንደን ያለው ወንድሜ የማመልከቻውን ከፍሎ እዚያ ላለ አንድ ኮንሰርቫቶሪ (ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት) አመለከተች። ቪዲዮ ተቀርጾ ተላከ፣ ተቀበሏት። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። ከዚያ ክፍያው መጣ። በዓመት 28,000 ፓውንድ ነው፤ ስኮላርሺፑ 10,000ውን ይሸፍናል። ትምህርቱ አራት ዓመት ነው።

ባለቤቴ “እንዲህ ያለ ዕድል ሁለቴ አይመጣም፣ ሰሚት ያለችንን ኮንዶሚኒየም እንሽጥ” ይላል። አስቤዛችንን የሚደጉመው የኮንዶሚኒየሟ ኪራይ ነው። ሌሎች ሁለት ልጆችም አሉን። ወንድሜ “የጎደለውን እዚህ ሠርግ ላይ እየተጫወተች ትሞላዋለች” ይለኛል። አስተማሪዋ ደግሞ “ጀርመን በነጻ ነው፣ አንድ ዓመት ጠብቁ” ይላል። ልጄን ስጠይቃት “እናንተ እንዳላችሁ” ብላ ክፍሏ ትገባለች። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ስጡ ተብለናል። ምን ይሻለናል?

እናት ነኝ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ

እህቴ፣ በቅድሚያ እንኳን ደስ አላችሁ። ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ተወዳድሮ ማለፍ ቀላል ነገር አይደለም። ኮንዶሚኒየሙን ግን አትሽጡ።

ደብዳቤዎ ውስጥ ክፍያው አለ፣ ስኮላርሺፑ አለ፣ የቤቱ ጉዳይ አለ። ማን እንደሚያስተምራት ግን የለም። የቫዮሊን ተማሪ ኮንሰርቫቶሪ የምትገባው ለአንድ ሰው ብላ ነው ማለት ይቻላል። አራት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ከዚያ ሰው ጋር ለብቻዋ ትሠራለች። የቀስት አያያዟን የሚያርመው፣ ምን መጫወት እንዳለባት የሚመርጥላት፣ ነገ ሥራ ስትፈልግ ስለ እሷ ስልክ የሚደውለው እሱ ነው። ስመ ጥር ትምህርት ቤት ገብታ ከአስተማሪዋ ጋር ካልተግባባች ስሙ ምንም አያደርግላትም።

ስለዚህ ልጅዎ ራሷ ለትምህርት ቤቱ አጭር ኢሜይል ትጻፍ። የምመደበው ማን ጋ ነው? በሳምንት ስንት ደቂቃ ከእሱ ጋር፣ ስንቱስ ከረዳቱ ጋር ነው? ከመወሰኔ በፊት በዙም አንድ የሙከራ ትምህርት ሊሰጠኝ ይችላል? በእኛ አገር ይህ ድፍረት ይመስላል። እዚያ ግን የተለመደ ነው፤ ብዙ አስተማሪዎችም ተማሪዋን ቀድመው ማየት ይፈልጋሉ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ከስኮላርሺፑ በኋላ በዓመት 18,000፣ በአራት ዓመት 72,000 ፓውንድ ይሆናል። ምግብና ኪራይ የለበትም፤ በየዓመቱ የሚደረገው ጭማሪም አልተቆጠረም። ለቪዛው የመጀመሪያውን ዓመት ቀሪ ክፍያና የዘጠኝ ወር መኖሪያ ለ28 ተከታታይ ቀናት ባንክ ተቀምጦ ማሳየት አለባችሁ። የጤና ክፍያ የሚሉትም አለ፣ በዓመት 776 ፓውንድ። እሱንም የሙሉ ቪዛውን ዘመን በአንዴ ነው የሚቀበሏችሁ።

ቤቱን የምትሸጡት ደግሞ በብር ነው። በሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት 100ን ማለፉን አይረሱትም። ዛሬ “አራት ዓመት ያስተምራል” ያላችሁት ገንዘብ ሁለተኛው ዓመት ላይ ሊያልቅ ይችላል። ከዚያ ልጅቷ ያለ ዲግሪ፣ እናንተ ያለ ቤት። ስኮላርሺፑስ በየዓመቱ ይታደሳል ወይ? በምን ውጤት? ይህ በጽሑፍ ካልተሰጣችሁ እንዳለ አትቁጠሩት።

ወንድምዎ ያሰበው ከልቡ ነው፣ ግን አይሆንም። የእንግሊዝ የተማሪ ቪዛ በትምህርት ወቅት በሳምንት 20 ሰዓት መሥራት ቢፈቅድም የግል ሥራን ይከለክላል። በሙዚቀኛነት ተቀጥሮ መጫወትንም እንዲሁ፤ የትምህርቱ አካል የሆነ ልምምድ ካልሆነ በቀር። አስቂኝ ነው፣ ሙዚቃ ሊማር የሄደ ሰው ካፌ ውስጥ ሰሃን ማጠብ ይችላል፣ ሠርግ ላይ መጫወት ግን አይችልም። በአንድ ሠርግ ምክንያት ቪዛዋ አደጋ ላይ ይወድቃል።

አስተማሪዋ ስለ ጀርመን ያለው በአብዛኛው እውነት ነው። የመንግሥት የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች በብዙዎቹ ክልሎች የውጭ ተማሪንም የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ሽቱትጋርትና ፍራይቡርግ ያሉበት ባደን ቩርተምበርግ ግን በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ጎረቤት ኦስትሪያ ያለችው ቪየናም በነጻ ባይሆን በርካሽ ነው፣ በሴሚስተር 726 ዩሮ ከ72 ሳንቲም።

ነጻ ሲባል ግን ኪስ አይነካም ማለት አይደለም። ለጀርመን ቪዛ ዝግ ሒሳብ ከፍታችሁ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ታስገባላችሁ። ገንዘቡ የእሷ ነው፤ በየወሩ 992 ዩሮ እየተለቀቀ ትኖርበታለች። ለዘመድ አዝማድ ማዋጣት የሚቻለው እንዲህ ያለውን ነው። በዓመት 140 ሙሉ ቀን መሥራትም ይፈቀድላታል።

ከባዱ ፈተናው ነው። በቪዲዮ ማጣሪያ ቢጀምርም ዋናው አብዛኛውን ጊዜ በአካል ይሰጣል። ቫዮሊኑ ላይ ትንሽ ፒያኖ፣ ቲዎሪና የጆሮ ፈተና ይጨመራል። ፈታኙ ፒያኖ ላይ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ወይም ዜማ ይመታል፣ እሷ ኖታውን በወረቀት ታሰፍራለች። ዜማው ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገምላታል፣ በቃ። እጃቸው የበሰለ ልጆች እዚህ ላይ ይንገዳገዳሉ፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ሁሉም ልምምድ ጣት ላይ ነው። ስለዚህ የጥበቃው ዓመት የዕረፍት ዓመት እንዳይሆን። ጀርመንኛውን ጎተ ኢንስቲትዩት ትጀምር፣ እንደየትምህርት ቤቱ ቢ1 ወይም ቢ2 የሚባለውን መካከለኛ የቋንቋ ደረጃ ይጠይቋታል። ለጆሮው በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ትመድብ።

ቪዲዮውንም እንደገና ትቀረጽ። ያልተቆራረጠ፣ እጇና ፊቷ አብረው የሚታዩበት መሆን አለበት። የአቀናባሪው ባህ ሶሎ (ለብቻ የሚጫወቱት)፣ አንድ ኤቱድ (የመለማመጃ ድርሰት)፣ የኮንቸርቶ (ቫዮሊን ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተው ድርሰት) የመጀመሪያ ክፍል ይበቃል። ለኮንቸርቶው በኦርኬስትራው ፋንታ በፒያኖ የሚያጅባት ሰው ከወዲሁ ፈልጉ። አራት ኪሎ ላይ ንጋት የቤተ ክርስቲያን ማይክ ነው፣ ቀን የግንባታ ጫጫታና የወያላ ጥሪ ነው። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ጎረቤት አስፈቅዳችሁ ሞክሩ።

አንድ ሌላ በርም አለ፣ ሰው የሚረሳው። የፒያኖው ሰው ግርማ ይፍራሸዋ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተነስቶ የተማረው ሶፊያ፣ ቡልጋሪያ ነው። ወደ ምሥራቅ አውሮፓ የሚወስደው መንገድ ለኛ ሙዚቀኞች የቆየ ነው። ቡዳፔስት ያለው የሊስት የሙዚቃ አካዳሚ ከ1875 ጀምሮ አለ፤ የሃንጋሪ መንግሥት ስኮላርሺፕ ደግሞ ክፍያውን ይሸፍናል፣ ለመኖሪያም ይደጉማል። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው በጥር መጀመሪያ ነው። ጥሪው ለኢትዮጵያውያን ባችለርን መጨመሩን ትምህርት ሚኒስቴር ጠይቁ። ስለ አሜሪካ ብዙ አልልም። ፊላዴልፊያ ያለው ከርቲስ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከ1928 ጀምሮ ማንንም የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፤ የሚቀበለው ግን በጣም ጥቂት ነው። መሞከር አይከፋም።

ባለቤትዎ “ዕድል ሁለቴ አይመጣም” ያሉት ያሳሰባቸው ነገር ይገባኛል። 18 ዓመቷ ነው እኮ። አንዴ ያለፈችውን ፈተና በዓመቱ የተሻለ ሆና ልታልፈው ትችላለች። “እናንተ እንዳላችሁ” ያለችው ደግሞ ቤቱ በእሷ ምክንያት ሊሸጥ መሆኑን ስለሰማች ይመስለኛል። “የት መሄድ ትፈልጊያለሽ?” አትበሏት። “ማን ቢያስተምርሽ ትወጃለሽ?” በሏት፣ አፏ ይፈታል።

የለንደኑን ቦታም ዛሬውኑ እምቢ አትበሉ። ለአንድ ዓመት ይቆይልኝ ብላ ትጠይቅ፣ ስኮላርሺፑ አብሮ ይቆይ እንደሆነም በጽሑፍ ታረጋግጥ። ካልፈቀዱ በሚቀጥለው ዙር ማመልከት ትችላለች፣ የእንግሊዞቹ በመስከረም ሦስተኛ ሳምንት ግድም ይዘጋል። ለወንድምዎ ደውለው ያመስግኑት፣ መንገዱን የጀመረላት እሱ ነው። የሠርጉን ነገር ትቶ ለዝግ ሒሳቡ ምን ያህል ማዋጣት እንደሚችል ይጠይቁት። ከባለቤትዎ ይልቅ እርስዎ እህቱ ብትነግሩት ሳይከፋው ይቀበላል።