እጅ የሚያርፍበት ቦታ፤ ለጆተኒ ቤት ልጆች

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ?

ደሴ ውስጥ ብሩሽ ከያዝኩ አርባ ዓመት አልፎኛል። የሱቅ ታፔላ ጽፌአለሁ፣ የባጃጅና የአይሱዙ ጎን አሳምሬአለሁ፤ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ግን የጆተኒ ሳጥን ላይ የሳልኩትን ነው። በቀደም ከሰኞ ገበያ ወደ ፒያሳ ስወጣ አንድ በር ላይ የቆመ ጆተኒ አየሁ። ጎኑ ላይ የነበረው ተጫዋች ፊቱ ጠፍቶ ማልያው ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ቀይነቱ ለቆት ገርጥቷል። ባለቤቱ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ሰው ሲጫወትበት ስለሚውል ነው» አለኝ። ያን ቀን ቸኩዬ ስለነበር የነገርኩት ጥቂት ነው። የቀረውን እነሆ ለእሱም ለእናንተም ጻፍኩት።

ሥዕሉን የጨረሰው ጨዋታው አይደለም። ቁጢጥ ብላችሁ ሳጥኑን በደንብ እዩት። የተላጠው ሁሉም ቦታ አይደለም። የበረኛው እጀታ አጠገብ፣ ተጫዋቹ መዳፉን የሚያሳርፍበት ጠርዝ አለ። እዚያ ጋ ቀለሙ ቀለበት በቀለበት ሆኖ ተበልቶ ታገኙታላችሁ፦ ዳር ላይ ቢጫው፣ ቀጥሎ ከሥሩ የነበረው ቀይ፣ ከዚያ የስቱኮው ነጭ፣ መሀሉ ላይ የተራቆተው እንጨት። ከዚያ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ያለው ቀለም ግን ትናንት የተቀባ ይመስላል። የመዳፍ ላብ ጨውና ቅባት አለው፤ የጣት ቀለበት ደግሞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ስለዚህ ሳጥኑን በሙሉ ልታድኑ አትድከሙ፤ መጀመሪያ እጅ የሚያርፍበትን ቦታ አድኑ።

ይህን ነገር በደንብ የገባኝ ከፒንቦል ነው። አንድ የአገራችን ሰው ከውጭ ያስመጣውን የፒንቦል ማሽን ጎኑን እንድጠግንለት ኮምቦልቻ ድረስ ጠርቶኝ ነበር። ፒንቦል በመስተዋት የተከደነ ዘመም ያለ ሳጥን ነው፤ ተጫዋቹ በግራና በቀኝ ጎኑ ያሉትን ቁልፎች እየተጫነ የብረት ኳሷን ወደ ላይ ይመልሳል። የድሮዎቹ ሳጥናቸው የሚቀባው እኛ እንደምናደርገው በስቴንስል፣ ማለትም ቅርጹ ተቆርጦ በወጣለት ገበታ በኩል ነበር፤ ኋላ ላይ ነው ታትሞ የሚለጠፍ የሆነው። ታዲያ ሥዕሉ መጀመሪያ የሚያልቀው የት መሰላችሁ? ጣት በሚጫነው ቁልፍ ዙሪያ ነው። ቀጥሎ እግሩ በብሎን የሚታሰርበት ማዕዘን። ማሽኑን የሚወዱ ሰዎች ቁልፉ ዙሪያ ስስ የማይዝግ ብረት ወይም ጠንካራ ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ያስራሉ፤ በእግሩና በሳጥኑ መሀልም ለስላሳ ነገር ያስገባሉ።

እኛም እንችላለን። የማይዝግ ላሜራ አራት ጣት ስፋት አስቆርጡ፤ ጠርዙን በሞረድ አለስልሱት፣ ማዕዘኑን አክቡት፤ ካልሆነ የልጆቹን እጅ ይቆርጣል። በኮላ አትለጥፉት። ኮላ በተነሣ ቀን ቀለሙን ይዞት ነው የሚነሣው። በትንንሽ ብሎን እሰሩት። ሥዕሉ ደርቆ ሳያበቃም ላሜራውን አትሰሩበት፤ የዘይት ቀለም በማግስቱ ሲነካ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ እስኪጠና ሳምንታት ይፈልጋል። እግሩ ላይ ከብሎኑ ሥር ሰፋ ያለ ሮንዴላ፣ ከብረቱ ሥር የአሮጌ ጎማ ወይም የምንጣፍ ቁራጭ አድርጉ። ጆተኒው ሲንገዳገድ ቀለሙን የሚያፋጨው ያ ብረት ነው። ከቦታ ቦታ ስትወስዱትም አትጎትቱት፤ አራት ሆናችሁ አንሡት።

ወደ ፀሐይ ልምጣ። ደሴ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቀለም የሚያነጣው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርድ ስለሆነ ፀሐዩ ደካማ ነው የሚለው ያሳስታችኋል፤ የኮምቦልቻ ሙቀት ቢበልጥም ጨረሩ የሚበረታው እኛ ጋ ነው። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው ደማቁ ቀይ ነው፤ የአፈር ቀለሞች፣ ማለትም ቡናማው፣ ጡብማው፣ ደብዛዛው ቢጫ፣ ይታገሣሉ። እኔ ለውጭ ጆተኒ ስሠራ ለሰፊው ክፍል የአፈር ቀለም እመርጣለሁ፤ ደማቁን ቀይ ለትንሽ ቦታ ብቻ አስቀምጠዋለሁ። እናንተ ደግሞ የጠዋትና የከሰዓት ፀሐይ የትኛውን ጎን እንደሚመታ እዩና በየወሩ አዙሩት፤ በረንዳ ካለ ከበረንዳው ሥር አቁሙት።

ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ስላለው ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አስቡ። የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ ነው፤ ሥዕሉ ግን እስከ ዛሬ አለ። መጽሐፍ ሲዘጋ ብርሃን አያገኘውም። አባቶች ብራናን በቆዳ ማኅደር የሚያስቀምጡትም በከንቱ አይደለም። ጆተኒ ወንጌል አይደለም፤ ብርሃን ግን ሁለቱንም የሚያነጣው በአንድ መንገድ ነው። ማታ ስትዘጉ ሸራ ጣል አድርጉበት።

ሸራ ነው ያልኩት፣ ላስቲክ አላልኩም። በክረምት ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ እርጥብ ሳጥን ላይ ላስቲክ ካጠበቃችሁ እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ቀለሙ ይነፋል፣ ሻጋታም ያወጣል። መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፤ ከዚያ አልብሱት። ዝናቡ ከላይ ብቻ እንደማይመጣም ልብ በሉ። ከመሬት የሚፈናጠረው ነው የታችኛውን ክፍል የሚበላው፤ ሳጥኑ ቺፑድ ከሆነ አንዴ ውኃ ከጠጣ ያብጣል፣ ወደ ነበረበትም አይመለስም። የተቆረጠውን የእንጨት ጠርዝ ሁሉ፣ ማንም የማያየውን የሥረኛውን ጭምር፣ ሁለት ሦስት እጅ ቀለም አጠጡት።

በበረኪና አትጠቡት። በናፍጣም አታብሱት፤ ለጊዜው ያበራል፣ በማግስቱ ግን አቧራውን ሁሉ ይይዛል። ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት ሳሙና፣ ጥሩ አድርጎ የተጨመቀ ጨርቅ ይበቃል።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ላብቃ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው ከማረፋቸው በፊት የሳሉት ጆተኒ ነበር። አንድ ጎኑ ላይ የጦሳን ተራራ፣ ከሥሩ ኳስ የሚያባርሩ ልጆች፤ የአንዱ ልጅ ቁምጣ ከኋላው የተጣፈ ነበር፣ መጣፊያውን ጥፍር በምታህል ሰማያዊ ነው የነኩት። ሥዕሉ መደብዘዝ ሲጀምር ላድነው ብዬ ቫርኒሽ በጠንካራ ቲነር አቅጥኜ ደረብኩበት። ከደቂቃዎች በኋላ ከሥር ያለው የዘይት ቀለም ተነሣ፣ ተጨማደደ፤ ልጆቹም ተራራውም አብረው ተጨማደዱ። ቲነሩን ማንም በማያየው ጥግ ላይ ጠብ አድርጌ አንድ ቀን ብጠብቅ ኖሮ ሥዕሉ ዛሬም ይኖር ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳልሞክር ምንም ነገር ደርቤ አላውቅም፤ የዘይት ቀለም ላይ ስሠራም ቫርኒሹን የማቀጥነው በአኳራጅ ነው፣ እሱንም በጥቂቱ።

ለዚህም ነው ሥዕል በገረጣ ቁጥር ጠቅላላውን ፍቆ እንደገና መቀባትን የማልወደው። የተላጠውን ቦታ ብቻ ሙሉት፤ የቀደመውን ሰው እጅ ተዉለት። አዲሱ ቀለም ከአሮጌው ትንሽ ቢለይ ነውር የለውም።

ከሰኞ ገበያ በላይ ያለኸው ልጅ፣ አብሽር፣ ያንተ ጆተኒ ገና ይድናል። የተጫዋቹ ፊት ከሥሩ መስመሩ አለ፤ በጎን ብርሃን አይቼዋለሁ። ዝናቡ ሲያባራ አምጣልኝ። ብቻ እንዳታጥበው።