አምፕሊፋየሩን ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ የምጽፍልዎት ከጅማ ነው፣ ሂርማታ አካባቢ። አጎቴ ከአሜሪካ ሲመጣ ያገለገለ አምፕሊፋየር ከነሁለት ስፒከሩ ይዞልኝ መጣ። ጀርባው ላይ 120 ቮልት 60 ኸርዝ 220 ዋት ይላል። አንዱ ጓደኛዬ በአዳፕተር ሰካው ይሰራል ይለኛል፣ ሌላው ትራንስፎርመር ካልገዛህ እንዳትነካው ይለኛል፣ እኔም ፈርቼ እስካሁን ቡፌው ላይ አስቀምጬ እያየሁት ነው። ሌላው ጥያቄዬ ከድሮ ቴፕ የተረፉ ሁለት ስፒከሮች ስላሉኝ አራቱንም አንድ ላይ ማሰር ይቻላል ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ እንኳን አልሰካኸው! እኛ አገር ከግድግዳው የሚወጣው 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው፣ ያ አዳፕተር የምትሉት ትንሽ ነገር ደግሞ የሶኬቱን ቅርጽ ነው የሚያስተካክለው እንጂ ቮልቴጁን አይነካውም። 120 የሚለውን ዕቃ 220 ላይ ከሰካኸው ዕድለኛ ከሆንክ ፊዩዙ ብቻ ይበጠሳል፣ ካልሆንክ የውስጡ ትራንስፎርመር ይቃጠላል፣ ልኩን ፈልጎ ማግኘት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ከሁሉ በፊት ጀርባውን አገላብጠህ እይ፣ አንዳንዱ አምፕሊፋየር በካቻቢቴ የሚዞር የቮልቴጅ መምረጫ አለው፣ 110፣ 120፣ 220፣ 240 እያለ የሚሄድ። ካለህ ገመዱ ከሶኬት እንደተነቀለ ወደ 220 ታዞረዋለህ፣ ፊዩዙም ይቀየር የሚል ጽሑፍ አጠገቡ ካለ ትቀይራለህ፣ በቃ። ለአሜሪካ ገበያ የተሰራው ግን ብዙውን ጊዜ ይሄ ነገር የለውም፣ ያኔ 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዴታ ነው። ያንተ 220 ዋት ስለሚል 300 ይበቃል የሚልህ ሻጭ አይጠፋም፣ እኔ ግን 500 ውሰድ ነው የምልህ፣ ርካሽ ትራንስፎርመር ላይ የተጻፈ ቁጥር ሁሉ የሚታመን አይደለም፣ እና ሁሌ ጫፉ ላይ የሚሰራ ነገር ይግላል። የኸርዙ ነገርም አለ፣ 60 ብቻ የሚል ዕቃ 50 ላይ ሲሰራ ትራንስፎርመሩ ትንሽ ይበልጥ ይሞቃል፣ ትንሽም ሊያጉረመርም ይችላል። ስለዚህ 120 ከሚያወጣው 110 የሚያወጣውን ምረጥ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደግሞ ክዳኑን በእጅህ እየዳሰስክ ተከታተለው። እጅህን ማሳረፍ እስኪያቅትህ ከጋለ አጥፋውና ለባለሙያ አሳየው።

ቡፌው ውስጥ ከትተህ ዳንቴል ደርበህ እንዳታስቀምጠው አደራ። ክዳኑ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ሙቀት መውጫ ናቸው፣ ከላይ ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ይሁን፣ ዲኮደር ወይ የአበባ ማስቀመጫም አይጫንበት።

መብራቱን በተመለከተ ጅማ ያለ ሰው እኔ ልንገረው አይባልም፣ ይሄዳል ይመጣል፣ ሲመጣም አንዳንዴ ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው። ስታቢላይዘር ካለህ ከትራንስፎርመሩ በፊት ይሁን፣ ከሌለህ መብራት እንደሄደ አምፕሊፋየሩን አጥፍተህ ገመዱን ንቀል፣ ተመልሶ ሲመጣም አምፖሉ ብልጭ ድርግም ማለት እስኪያቆም ጠብቀህ ነው የምትሰካው።

አራቱን ስፒከር የማሰሩ ነገር፣ እዚህ ጋ ተጠንቀቅ። የስፒከሩ ጀርባ ላይ 4 ወይ 6 ወይ 8 ኦም የሚል አለ፣ ስፒከሩ ከረንቱን ምን ያህል እንደሚገታ የሚናገር ቁጥር ነው፣ አምፕሊፋየሩም ስፒከር የሚታሰርበት ቦታ አጠገብ ከስንት ኦም ጀምሮ እንደሚችል ይጽፋል። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮችን አንድ ቦታ ላይ ጎን ለጎን ካሰርካቸው ለአምፕሊፋየሩ 4 ኦም ነው የሚሆኑበት፣ ሁለት ባለ 4 ከሆኑ ደግሞ 2። ኦሙ ባነሰ ቁጥር አምፕሊፋየሩ ብዙ ከረንት ነው የሚያወጣው፣ ከአቅሙ በታች ከወረደ ወይ ጠቅ ብሎ ራሱን ያጠፋል ወይ ትራንዚስተሩን ይበላል። ኤ እና ቢ የሚል ሁለት ረድፍ ካለውም ሁለቱን አንድ ላይ ስታበራ የሚፈቅደው ኦም ለብቻው ተጽፏል፣ እሱን አንብብ። እኔን ከጠየቅከኝ ግን የድሮዎቹን ተዋቸው፣ ሁለት ጥሩ ስፒከር በደንብ ተቀምጦ ከአራት የተደበላለቀ ይሻላል።

ስታስር ደግሞ ሁሉም ነገር ጠፍቶ ነው። ሽቦውን አንድ ሳንቲሜትር ያህል ላጥ፣ ክሮቹን በጣትህ ጥምዝዝ አድርገህ ግጠማቸው፣ አንዲት ክር እንኳ ወጥታ ጎረቤቷን ቀዳዳ እንዳትነካ። ጸጉር የምታክል ክር ናት አምፕሊፋየር የምትገድለው! ከሶስት አራት ሜትር ለማይበልጥ ርቀት 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ይበቃል፣ ለመብራት የምንጠቀምበትም ክር ክር የሆነው ይሰራል፣ ውድ ገመድ ግዛ የሚልህን አትስማ።

ጥያቄ፦ እኔ ፈረንጅ አራዳ ነው የምኖረው፣ አዲስ አምፕሊፋየርና ስፒከር ገዝቼ ራሴ ገጠምኩት። ድምጹ ይወጣል ግን ቤዝ የለውም፣ ዘፋኙም የት እንዳለ አይታወቅም፣ ዙሪያውን የተበተነ ነው የሚመስለው። ልመልሰው ወይስ ቤዙን ልጨምረው?

መልስ፦ እህቴ አትመልሺው፣ ቤዙንም አትንኪው። ይሄ አነጋገርሽ ራሱ ነገሩን ይናገራል፣ አንዱ ስፒከር ተገልብጦ የታሰረ ይመስለኛል። ቀዩ ከቀይ ጥቁሩ ከጥቁር ነው መሄድ ያለበት፣ በሁለቱም በኩል። አንዱ ላይ ከተገለበጠ አንዱ ስፒከር ወደ ውጭ ሲገፋ ሌላው ወደ ውስጥ ይስባል፣ ቤዙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ መሀል ላይ መሰማት ያለበት የዘፋኙ ድምጽም ቦታ ያጣል።

አጥፊውና የአንዱን ስፒከር ብቻ ሁለቱን ሽቦ አቀያይሪ፣ ያንኑ ዘፈን በዛው ድምጽ አጫውችና መሀል ላይ ቁሚ። ቤዙ ከመጣ፣ ዘፋኙም ከሁለቱ ስፒከሮች መሀል የቆመ ከመሰለ አገኘሽው ማለት ነው። የሽቦው ቀለም ግራ ካጋባሽ በባትሪ ድንጋይም ይታወቃል፦ የስፒከሩን ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ ፍቺና ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ፕላሱን ከቀይ ማይነሱን ከጥቁር በሚሄደው ሽቦ ላይ ነካ አድርገሽ አንሺ። ፊት ለፊት ያለውን ትልቁን ክብ እያየሽ ነው፣ ጠቅ ብሎ ወደ ውጭ ከወጣ ልክ ነው፣ ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጧል። ነካ ብቻ፣ ይዘሽ አትቆዪ።

አቀማመጡም ይታይ። አንቺ የምትቀመጪበት ቦታና ሁለቱ ስፒከሮች እኩል ጎን ያለው ሶስት ማዕዘን ይስሩ፣ ትንሿ ክብ በጆሮሽ ትክክል፣ ከግድግዳውም ወጣ ይበሉ። ጥግ ላይ የገባ ስፒከር ቤዙ ይበዛና ይጨማለቃል። ማቆሚያ ካጣሽ ያ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው ሶስት እግር የጅማ በርጩማ ከባድና የማይነቃነቅ ነው፣ መቀመጫው ጎድጓዳ ስለሆነ ብቻ ጠፍጣፋ ጣውላ ጣል አድርጊበት። ወለሉ ሊሾ ከሆነ ምንጣፍ፣ መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ፣ ይሄ ድምጹን ማንም አምፕሊፋየር ከሚቀይረው በላይ ይቀይረዋል።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ጅሬን። የሸክላ ማጫወቻዬን ባለችኝ አምፕሊፋየር ላይ ኤዩኤክስ (AUX) የሚለው ጋ ብሰካት ድምጹ ከሩቅ እንደሚሰማ ሆነ። ዲሹን ስሰካ ደግሞ እምምም የሚል ድምጽ አለ።

መልስ፦ መምህር፣ ማጫወቻዎ ደህና ነች። የሸክላ መርፌ የሚያወጣው ሲግናል በጣም ትንሽ ነው፣ የተለመደው ዓይነት 5 ሚሊቮልት ገደማ፣ የሲዲ ማጫወቻ ግን እስከ 2 ቮልት ያወጣል። በዛ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ ተቀንሶ ትሪብሉ፣ ማለትም ቀጭኑ ድምጽ፣ ተጨምሮ ስለሆነ መልሶ የሚያስተካክለው ያስፈልጋል። አምፕሊፋየርዎ ጀርባ ላይ ፎኖ የሚል ካለ እዛ ይሰኩት፣ ቀጭኗን የግራውንድ ሽቦም አጠገቡ ካለው ብሎን ጋር ይሰሯት፣ ከሌለው ፎኖ ፕሪአምፕ የሚባል ትንሽ ሳጥን መሀል ላይ ይገባል። ሌላ ነገር ግን ፎኖ ላይ አይስኩ፣ ስልክም ዲሽም፣ ጩኸቱ ስፒከሩን ይጎዳል።

እምምም የሚለው የ50 ኸርዝ ድምጽ ነው። የዲሹን ኬብል ከሪሲቨሩ ይፍቱና ይስሙ። ከጠፋ ግራውንዱ በሁለት መንገድ እየዞረ ነው ማለት ስለሆነ ቲቪውን፣ ሪሲቨሩንና አምፕሊፋየሩን ከአንድ ዲቫይደር ያስነሷቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል። የሶኬቱን የግራውንድ እግር ቆርጠው ጸጥ ያሰኙ ሰዎች አሉ፣ እርስዎ እንዳያደርጉት፣ ያ እግር ሰው ከኤሌክትሪክ የሚተርፍበት ነው። ሁሉንም ነቅለው አምፕሊፋየሩ ብቻውን እያለ የሚጮህ ከሆነ ግን ችግሩ የውስጡ ካፓሲተር ሊሆን ይችላል፣ ከጠፋም በኋላ ቻርጅ ስለሚይዝ ራስዎ አይክፈቱት።

ጥያቄ፦ ካርቶኑ ላይ 1000 ዋት የሚል አምፕሊፋየር አየሁ፣ ልግዛ? አሁን ያለኝ ደግሞ ክረምት ላይ የድምጽ መጨመሪያውን ሳዞር ክርርር ይላል። ከአጂፕ።

መልስ፦ ካርቶኑን ተወውና የዕቃውን ጀርባ እይ። ከሶኬት 60 ዋት የሚወስድ ነገር 1000 ዋት ሲለቅ አይውልም፣ አርኤምኤስ (RMS) የሚለውን ቁጥር ፈልግ፣ ሳያቋርጥ የሚያወጣው ዋት እሱ ነው፣ ፒኤምፒኦ (PMPO) የሚለውን የተጋነነ የማስታወቂያ ቁጥር እንዳላየህ እለፈው። ዋቱ እጥፍ ቢሆን እንኳ ድምጹ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ነው፣ ጆሮህ ላይ ትንሽ ከፍ ያለ ነገር ማለት ነው፣ ስለዚህ ከ30 ወደ 60 ዋት ለመሄድ ብለህ ብር አታውጣ። ትንሹን አምፕሊፋየር እስከ ጥግ ከፍተህ ድምጹ ሲሰነጠቅ መስማት ግን ትንሿን ስፒከር ያቃጥላታል፣ ሲሻክር ቀንስ። በስልክ የምታጫውት ከሆነ የስልኩን ድምጽ ከፍ፣ የአምፕሊፋየሩን ዝቅ።

ክርርር የሚለው በጅማ እርጥበትና በአቧራ ነው። አጥፍተህ፣ ከሶኬት ነቅለህ የድምጽ መጨመሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ደጋግመህ አዙረው፣ ካልለቀቀ ኮንታክት ክሊነር የሚባል ስፕሬይ አለ፣ ባለሙያ ከፍቶ ውስጡን ትንሽ ይርጨው። የምግብ ዘይት ወይ ሽቶ እንዳትሞክር፣ አቧራውን ይበልጥ ነው የሚይዝልህ።