ለጀማሪ ቴክኖሎጂ ድርጅት የአሜሪካ መንግሥት የምርምር ገንዘብ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ የአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ለአነስተኛ ድርጅቶች ስለሚሰጡት ኤስቢአይአር ስለተባለው የምርምር ገንዘብ ነው።

ጥያቄ፦ ዜግነት ገና አላገኘሁም፤ ግሪን ካርድ ግን አለኝ። ይበቃል?

መልስ፦ ይበቃል ወንድሜ። ድርጅቱ ለትርፍ የተቋቋመ፣ ሠራተኞቹ ከ500 ያልበለጡ፣ ከድርሻውም ከ50 በመቶ በላይ የሚሆነው በዜጎች ወይም በቋሚ ነዋሪዎች የተያዘ መሆን አለበት። አዲስ አበባ ካለ ሸሪክ ጋር እኩል ለእኩል ከተካፈላችሁ ግን አያልፍም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ላሉ ፕሮግራመሮች ከዚህ ገንዘብ መክፈል ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ምርምሩ አሜሪካ ውስጥ መሠራት አለበት። በመጀመሪያው ምዕራፍም (ሐሳቡ ይሠራ እንደሆነ በሚሞከርበት) ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ሥራ የድርጅቱ የራሱ መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ የአማርኛ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር መተግበሪያ አቅርቤ «የቴክኒክ ፈጠራው አልታየንም» ተባልኩ። ምን ጎደለኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡ የሚሰጠው ይሠራ አይሠራ ላልታወቀ ነገር እንጂ ለምርት ግንባታ ወይም ለገበያ አይደለም። «ለክሊኒኮች የአማርኛ መተግበሪያ እንሠራለን» ካልሽ፣ ገምጋሚው ሥራውን የፕሮግራመር ሥራ አድርጎ ያየዋል። በዚህ ፈንታ፦ «አማርኛና እንግሊዝኛ በተቀላቀለበት የስልክ ንግግር ላይ የቃል ስህተት መጠኑን (ሞዴሉ በስህተት የሚጽፋቸውን ቃላት) ከ15 በመቶ በታች ማውረድ ይቻላል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ቀጥለሽ አሁን ያሉት የንግግር መለያ ሞዴሎች ለምን እንደሚሳሳቱ፣ አንቺ ምን እንደምትሞክሪ፣ በምን ያህል ሰዓት የድምፅ ቅጂ እንደምትለኪ፣ ውጤቱ ስንት ሲሆን «አልተሳካም» እንደምትዪ ጻፊ። የመውደቂያ ቁጥር የሌለው ዓላማ ዋጋ የለውም። ገንዘቡን ከሚሰጡት መሥሪያ ቤቶች አንዱ የሆነው ናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽን አስቀድሞ «ፕሮጀክት ፒች» የሚባል አጭር ጽሑፍ ይቀበላል፤ ሐሳብሽን እዚያ ብትፈትሺው ሙሉ ፕሮፖዛል በከንቱ ከመጻፍ ያድንሻል። በ2024 የዚህ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ምዕራፍ የገንዘብ ጣሪያ 305,000 ዶላር ነበር።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲ በሙሉ ሰዓት ተቀጥሬያለሁ። ዋና ተመራማሪ መሆን እችላለሁ?

መልስ፦ በኤስቢአይአር ዋናው ተመራማሪ በዋናነት የድርጅቱ ተቀጣሪ መሆን አለበት። ሥራህን መልቀቅ ካልፈለግህ ድርጅት ከዩኒቨርሲቲ ጋር አብሮ የሚሠራበትን ኤስቲቲአር የተባለውን እህት ፕሮግራም ተመልከት፦ ድርጅቱ ቢያንስ 40፣ ዩኒቨርሲቲው ቢያንስ 30 በመቶውን ይሠራሉ፤ እንደ ኤንአይኤች (የጤና ምርምር ተቋሙ) ባሉ መሥሪያ ቤቶችም ዋና ተመራማሪው ከዩኒቨርሲቲው ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ መንግሥት ድርሻ ይወስዳል?

መልስ፦ አይወስድም። ፈጠራው የድርጅቱ ነው፤ መንግሥት ለራሱ የመጠቀም መብት ይይዛል። ፈጠራውን በጊዜው ካላሳወቃችሁ ግን ባለቤትነቱን ልታጡ ትችላላችሁ።

ጥያቄ፦ የፕሮግራሙ ሕግ ጊዜው አልፏል ሲባል ሰማሁ። ምዝገባውን ልጀምር ወይስ ልጠብቅ?

መልስ፦ ሕጉ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 አብቅቶ ነበር፤ ስለዚህ ፕሮፖዛል ከመጻፍህ በፊት የመሥሪያ ቤቱ ጥሪ ክፍት መሆኑን አረጋግጥ። ምዝገባውን ግን ዛሬውኑ ጀምር፤ ሳም ዶት ጎቭ በተባለው የፌዴራል መንግሥት የድርጅቶች መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ብዙውን ጊዜ የሚያዘገየው የስም አለመመሳሰል ነው፦ የድርጅቱን ስምና አድራሻ ከአይአርኤስ (የግብር መሥሪያ ቤቱ) ደብዳቤና ከምሥረታ ሰነዱ ፊደል በፊደል ገልብጥ። ምዝገባው ነፃ ነው፤ «እናስመዘግብልህ» ብሎ ክፍያ ለሚጠይቅ ኢሜይል አትመልስ። በየዓመቱም አድስ።