ጠይቁን፦ እናቴን ይዤ ወደ ባቫሪያ ግንቦች ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

ስለ ጀርመን ጉዞ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ተጠራቅመውብኛል። አብዛኞቹ የሚሽከረከሩት አንድ ነገር ላይ ነው፦ ከሙኒክ ተነስቶ የባቫሪያን ግንቦችና መንደሮች በግል አስጎብኚ በአንድ ቀን ማየት። ሙኒክ ስኖር በዚያ መንገድ ስንት እንግዳ ይዤ እንደተመላለስኩ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል፤ ስለዚህ የዛሬው ዓምድ የእነሱ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ ወንድሜ ሙኒክ ነው። ነሐሴ ላይ እናታችንን ከአዲስ አበባ አስመጥተን እሱ ጋ ልንገናኝ ነው። 71 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ወንድሜ ፈቃድ የሚያገኘው አንድ ቀን ብቻ ስለሆነ አስጎብኚ ከነመኪናው ልንይዝ አሰብን፤ ዋጋውን ስንሰማ ግን ደነገጥን። ሦስት ግንብ፣ ሁለት መንደርና አንድ ቤተ ክርስቲያን በአንድ ቀን እናሳያችኋለን ይላሉ። ያዋጣል? (የእናቷ ልጅ)

መልስ፦ ያዋጣችኋል። በዚህ ፕሮግራም ግን አይደለም።

መጀመሪያ ገንዘቡ ለምን እንደሚከፈል ልንገርሽ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ኖይሽቫንሽታይንን፣ ያን በየካላንደሩ ላይ የምታዪውን ነጭ ግንብ፣ ውስጡን የሚያስጎበኙት የግንቡ የራሱ ሠራተኞች ብቻ ናቸው። እናንተ የቀጠራችሁት ሰው በር ላይ ይቀራል። ጉብኝቱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፣ በጀርመንኛ ወይም በእንግሊዝኛ ነው፣ ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። በባቡር የመጣውም በጥቁር መርሴዲስ የመጣውም ያንኑ ክፍል ያያል። አንዱ አስጎብኚ «ውስጥም እኔው ነኝ የማስጎበኛችሁ» ብሎ ሙሉ ዋጋ ተቀበለንና በሩ ጋ ስንደርስ «እዚህ እጠብቃችኋለሁ» ብሎ ሲጋራውን ለኮሰ።

እና የምትከፍሉት ለግንቡ አይደለም፣ ለመንገዱ ነው። በእናንተ ጉዳይ ደግሞ ለእናትሽ ጉልበት ነው።

ጉልበቱን እንግዲህ እናስላው። መኪናው የሚቆመው ከታች፣ ሆሄንሽቫንጋው መንደር ነው። የግል መኪና ወደ ላይ አይወጣም። በእግር ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ዳገት ነው። በፈረስ ጋሪ መውጣት ይቻላል፣ ጋሪው ግን ከግንቡ ዝቅ ብሎ ያወርድሽና የቀረውን ዳገት በእግርሽ ትጨርሺዋለሽ። አውቶቡስም አለ፤ እሱ ደግሞ ከግንቡ በላይ አሳልፎ ያወርድሽና ወደ ግንቡ ቁልቁል ትወርጃለሽ፤ ለታመመ ጉልበት ደግሞ ቁልቁለት ከዳገት ይብሳል። ይህን ሁሉ ጨርሳችሁ ስትገቡ ከ300 በላይ ደረጃ ይጠብቃችኋል። ለዊልቸር ተጠቃሚ ሊፍት አለ፣ ግን ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል።

እኔ ብሆን እማማን ኖይሽቫንሽታይን ውስጥ አላስገባትም። በአውቶቡሱ አውጥቼ ማሪየንብሩከ የሚባለው ድልድይ ጋ እወስዳታለሁ። ከማውረጃው ቅርብ ነው፤ ግንቡ ከነጫካው፣ ከነሐይቁ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ የሚታየው ከዚያ ነው። ድልድዩ ከገደሉ 90 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፣ ወለሉ ሳንቃ ነው፣ ሰው ሲበዛ እግርሽ ስር ነቅነቅ ይላል። የእኔ አክስት እስከ መሃል ሄዳ አማትባ ተመለሰች። «አየሁት በቃ፣ ውስጡ ምን ይጨምርልኛል» አለች፤ ልክም ነበረች። ወንድምሽና አንቺ ተራ በተራ መግባት ትችላላችሁ።

ለውስጡ ሊንደርሆፍ ይሻላታል። ሁለቱንም ያሠራው የባቫሪያው ንጉሥ ሉድቪግ 2ኛ ነው፤ በሕይወት እያለ ያለቀለት ብቸኛው ቤተ መንግሥት እሱ ነው፣ 1878 ላይ። ትንሽ ነው፣ ብዙ አያስኬድም። የምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ከታች ከኩሽና ከነምግቡ በማሽን ወደ ላይ ይወጣ ነበር፤ ንጉሡ ሲበላ አስተናጋጅ ማየት አይፈልግማ! አትክልት ቦታው ላይ ያለው ሰው ሠራሽ ዋሻ ለዓመታት ታድሶ 2025 ላይ ተከፍቷል። ውስጡ ሐይቅ አለ፣ የዛጎል ቅርጽ ያላት ጀልባ አለች፣ ቀለም በሚቀይር የኤሌክትሪክ መብራት የሚበራ ነበር። መቼ? በ1870ዎቹ! ሹከርት የሚባል መሐንዲስ በሠራቸው ዳይናሞዎች።

እንዲህ አድርጊው፦ ጠዋት 2 ሰዓት ከሙኒክ ተነሱ፣ መጀመሪያ ሊንደርሆፍ፣ ከዚያ ኦበርአመርጋው መንደር ገብታችሁ ምሳ፣ ከዚያ ቪስኪርሸ ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት ወደ ድልድዩ። ሦስተኛውን ግንብ ሰርዙት። ቢጫው የሆሄንሽቫንጋው ግንብ፣ ንጉሡ ያደገበት፣ ከታች ሆናችሁም ይታያል። ቪስኪርሸን ግን እንዳትዘሉት። ሜዳ መሃል ብቻዋን የቆመች ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ውጭዋ ምንም አይመስልም፣ ስትገቢ ጣሪያው ወርቅና ሰማይ ይሆንብሻል። የተሠራችው ከ1745 እስከ 1754 ነው፤ ምክንያቷ ደግሞ የእናትሽን ልብ የሚነካ ነው። ሲገረፍ የሚያሳይ የክርስቶስ የእንጨት ሐውልት ነበር፣ ከተለያየ ቁርጥራጭ የተገጣጠመ፣ በስቅለት ዕለት ሕዝቡ ተሸክሞት የሚዞር። ኋላ ጣሉት። ማሪያ ሎሪ የምትባል የገበሬ ሚስት ወደ ቤቷ ወሰደችውና 1738 ላይ ዓይኑ እንባ አቀረረ ተባለ። ከዚያ በኋላ ምእመኑ ጎረፈ። ሐውልቱ ዛሬም መንበሩ ላይ አለ። መግቢያ ነጻ ነው፤ ቅዳሴ ላይ ከሆኑ ግን መዞር የለም፣ ቁጭ ብሎ ማስቀደስ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ዋጋው በመኪና ነው ወይስ በሰው ብላችሁ ጠይቁ (ብዙውን ጊዜ በመኪና ነው፤ አራት አምስት ሆናችሁ ስትካፈሉት ድንጋጤው ይቀንሳል)፣ የግንቡ ቲኬት ውስጡ አለ ወይ በሉ፣ ቀኑ ከታሰበው ሰዓት ቢያልፍ ስንት እንደሚጨምር በጽሑፍ ያዙ። ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የመንግሥት በሆኑት ግንቦች፣ ማለትም በኖይሽቫንሽታይንና በሊንደርሆፍ፣ የመግቢያ አይከፍሉም፤ «የልጆች ቲኬት» ብሎ የሚያስከፍል ካለ ጠይቁት።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተውሽ። ቲኬቱ ሰዓት ተቆርጦለት ነው የሚሸጠው፤ ነሐሴ ላይ ቀድሞ በኢንተርኔት ካልተገዛ አይገኝም፣ ሰዓቱ ካለፈ ደግሞ አለፈ ነው። አንዴ ከአዲስ አበባ ለመጣ ዘመዴ «መግቢያችን 4 ከሩብ ነው» አልኩት። ጠዋት 10:15 ማለቴ ነው። እሱ ለአስጎብኚው በእንግሊዝኛ «አራት ከሩብ» ብሎ አስተላለፈ። ሰውዬው እኛን ዘና ብሎ ሲያዞር ውሎ ልክ በፈረንጅ 4:15 በሩ ላይ አደረሰን። አምስት ቲኬት ውሃ በላው። ሰዓት ስትጽፉ በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ጻፉ።

ጥያቄ፦ የጥገኝነት ጉዳዬ ገና አልታየም፣ አውስቫይሴ (መታወቂያዬ) የጥገኝነት ጠያቂ ነው። ጓደኞቼ አስጎብኚ ይዘው ሊንደርሆፍና ኖይሽቫንሽታይን ሊሄዱ ነው። ጀርመን ውስጥ ስለሆነ ችግር የለውም አይደል? (ከኑረምበርግ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን በመጠየቅህ ጎበዝ ነህ። ሁለቱም ግንቦች ጀርመን ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው አቋራጭ መንገድ ግን በኦስትሪያ ነው የሚያልፈው፣ ፕላንዜ የሚባለውን ሐይቅ ዳር ይዞ። ውብ መንገድ ስለሆነ ሾፌሮች ይወዱታል፣ ድንበሩን ማለፍህንም ልብ ላትለው ትችላለህ። በአንተ ወረቀት ግን ከጀርመን መውጣት አይፈቀድም፤ ስትመለሱ ደግሞ ጀርመን ድንበሯ ላይ ትፈትሻለች። ስለዚህ ሾፌሩን ቀድመህ «በኤታል፣ በኦበርአመርጋውና በቪስኪርሸ በኩል ነው የምንሄደው» በለው። ይህኛው ሙሉ በሙሉ ጀርመን ውስጥ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኗንም መንገድ ላይ ታገኛታለህ። ከካምፕህ ወረዳ መውጣት የተከለከልክበት ጊዜም ማለፉን አረጋግጥ። ሰማያዊ የስደተኛ ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ጓደኞችህ፣ እንዲሁም በሼንገን ቪዛ የመጡት፣ ኦስትሪያን ማቋረጥ ይችላሉ፤ ፓስፖርታቸውን ግን ሆቴል ጥለው አይምጡ።

ጥያቄ፦ ለዚህ ሁሉ ገንዘብ! በባቡር በጥቂት ዩሮ ደርሼ መጥቻለሁ። ሰውን ለምን ታስወጫለሽ? (ቆጣቢው)

መልስ፦ እውነትህን ነው፣ ላንተ። ከሙኒክ ፉሰን በባቡር ሁለት ሰዓት ነው፣ ከዚያ አጭር የአውቶቡስ መንገድ። ባየርን ቲኬት የሚባለውን የቀን ቲኬት አንዱን ይዞ እስከ አምስት ሰው ይሄድበታል፣ በሥራ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ። አንድ ግንብ አይቶ ለመመለስ ከዚህ በላይ ምንም አያስፈልግም፤ ጉልበት ላለው ወጣት አስጎብኚ ቅጠር አልልም። በዚያው ቀን ሊንደርሆፍንና ቪስኪርሸን ልጨምር ብትል ግን ቀኑን አውቶቡስ ስትጠብቅ ትጨርሰዋለህ። የሥራ ባልደረባህ በመኪናው ቢወስድህና ነዳጅ ብትካፈሉም ጥሩ ነው። ሰው እያመላለሰ ሒሳብ የሚቀበል ከሆነ ግን የመንገደኛ ማመላለሻ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ላይ ጣጣ ነው።

ጥያቄ፦ በፎቶ ሳየው ኖይሽቫንሽታይን የመካከለኛው ዘመን ምሽግ ይመስላል። ተማሪዎቼ ከፋሲል ግንብ ይበልጣል ይላሉ። ዕድሜው ስንት ነው? (መምህር፣ ከደሴ)

መልስ፦ ጋሼ፣ የፋሲል ግንብ ከ200 ዓመት በላይ ይቀድመዋል። የኖይሽቫንሽታይን መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. 1869 ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በሞቱ በዓመቱ ማለት ነው። ጎንደር ውስጥ ነገሥታት ኖረውበታል፣ ነግሠውበታል። ይኼኛው ግን ምሽግ ለመምሰል የተሠራ የሕልም ቤት ነው። መልኩን የነደፈው ክርስቲያን ያንክ የቲያትር መድረክ ሠዓሊ ነበር፣ ግንቡን ሲያዩትም ይህ ይታወቃል። ከጥንታዊው ገጽታ ጀርባ የሞቀ አየር የሚያሰራጭ ማሞቂያ፣ የቧንቧ ውሃ፣ ስልክ ሳይቀር አለ።

ባለቤቱ ሉድቪግ 2ኛ በ18 ዓመቱ ነገሠ። በሁለተኛው ዓመት አገሩ በፕሩሲያ ተሸነፈችና ሥልጣኑ እየሳሳ ሄደ፤ እሱም እውነተኛ ንጉሥ የሚሆንበትን ዓለም በድንጋይ ወደ መሥራት ዞረ ማለት ይቻላል። ያስገነባው በራሱ ገንዘብና በብድር ነው፤ ዕዳው አናቱ ላይ ወጣ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1886 «አእምሮው ታውኳል» ተብሎ ከዚሁ ግንብ ተወሰደ፣ በማግስቱ ከሐኪሙ ጋር ሽታርንበርግ ሐይቅ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። 40 ዓመቱ ነበር። እዚያ ግንብ ውስጥ ያደረው ቀን ቢደመር 172 ነው። የዙፋን አዳራሹ በወርቅ ያሸበረቀ ነው፣ ዙፋን ግን የለውም፤ ሳይሠራ ቀረ። ሰው እንዳያየው የሸሸበት ቤት እሱ ከሞተ ከሰባት ሳምንት በኋላ በቲኬት ለሕዝብ ተከፈተ። 2025 ላይ ደግሞ ከሌሎቹ ሦስት ቤተ መንግሥቶቹ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ጥያቄ፦ የምንሄደው በፍልሰታ ነው። እናቴ ትጾማለች፣ እኔ ደግሞ አሳማ አልበላም። እዚያ አገር ምን እንበላለን? (ከስቶክሆልም)

መልስ፦ ስንቅ ያዙ። የምሬን ነው። የባቫሪያ ኩሽና ያለ አሳማ አይንቀሳቀስም። ምናሌው ላይ «ሽቫይን» የሚል ቃል ካለበት እለፊው። «ሌበርኬዘ» ሲሉሽ ስሙ «የጉበት አይብ» ነው፣ ነገሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ አሳማ ነው። ነጩ ቋሊማም የጥጃ ሥጋ ነው ተብሎ የአሳማ ስብ አለበት። ደህና የመሰለ ሰላጣ ላይ እንኳ «ሽፔክ» የሚሉትን የአሳማ ጮማ ይበትኑበታል፤ «ኦነ ሽፔክ» በያቸው፣ ያለ ጮማ ማለት ነው። ለአንቺ የተጠበሰ ዓሣ «ፎረለ» ጥሩ ነው፣ አይብ ያለበት ፓስታ የመሰለው «ኬዘሽፔትስለ»ም ያጠግባል።

ለእናትሽ ግን ነገሩ ጠባብ ነው። የተቀቀለ ድንች፣ ሰላጣ፣ ፍራፍሬ። የድንች ሰላጣው የሥጋ መረቅ ይገባበታል፣ የእንጉዳዩ ወጥ ክሬም ነው፣ ብሬትስል የሚባለው ዳቦም አንዳንድ ቦታ ቅቤ ወይም የአሳማ ስብ ስላለበት ጠይቂ። እናቶቻችን እስከ 9 ሰዓት ስለሚቆዩ ምሳችሁን ኦበርአመርጋው ላይ አታድርጉት፤ እናንተ ቡና ጠጡ፣ እሷ ደግሞ ግድግዳቸው ሙሉ በሥዕል ያጌጠውን ቤቶችና የእንጨት ጠራቢዎቹን ሱቅ ትይ። 1633 ላይ ከወረርሽኝ እንዲተርፉ ተስለው በየአሥር ዓመቱ የክርስቶስን ሕማማት በቲያትር የሚያሳዩት እነዚሁ መንደርተኞች ናቸው፤ ቀጣዩ 2030 ላይ ነው። ከዚያ ቪስኪርሸ ደርሳችሁ፣ ሰዓቱም ሲደርስ፣ መኪናው አጠገብ ያለውን ሣር ላይ ነጠላ አንጥፋችሁ እንጀራና ሽሯችሁን ፍቱ። ሾፌሩንም ጋብዙት።