ዊንች ከመግዛትህ በፊት ከሥሩ ግባ

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ከጨረታ የወጣ የ1994 ሞዴል ሎንግ ቤዝ ላንድ ክሩዘር ገዝተሃል። ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ የሚባለው የናፍጣ ሞተር ነው። ቆጣሪው 410 ሺህ ላይ ቆሟል፣ ቆሟል ስትል ደግሞ እውነትም ሞቷል፣ አይዞርም። ጊዜህ ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ ብቻ ነው። የምትጠይቀው "ከፍ ላስደርገው፣ ትልቅ ጎማ ላስገባለት፣ ዊንች (መኪናውን ከጭቃ ጎትቶ የሚያወጣውን) ላስገጥም ወይስ ኤልኢዲ ባር (ረጅሙን መብራት)? ከየቱ ልጀምር?" ብለህ ነው። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሰዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው መኪና ላይ ያለውን መክረውሃል። እኔ ከአራቱም አትጀምር ነው የምልህ። ለምን እንደሆነ ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናህን ይዘህ አንብበው።

እኔ ጋ ያለው የአንተው ታናሽ ነው፣ የ1996 ሞዴል። ከያዝኩት አስራ አንድ ዓመት ሆነኝ። እኔም እንደ አንተ ሞቅ ብሎኝ መጀመሪያ ያደረግኩት ከፍ ማስደረግ ነበር። ከኋላ ባሌስትራ አስጨመርኩ፣ ረዘም ያለ አሞርዛተር አስገጠምኩ፣ ሰፈር ውስጥ አንድ ሳምንት ሙሉ በኩራት ዞርኩበት። ከዚያ ባሌ ሄድን። ከጎባ ወጥተህ ሳነቴን አቋርጠህ ወደ ዶሎ መና ስትሄድ መንገዱ ከ4000 ሜትር በላይ ከሆነው አምባ ተነስቶ በሐረና ጫካ ውስጥ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። መጀመሪያ ሽታው መጣ። ባለቤቴ "ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?" አለችኝ። "ከሰል የሚያከስሉ ሰዎች ይኖራሉ" አልኳት። ሁለት ኩርባ እንደታጠፍን ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ እግሬ ሥር ገባ። ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያ ወደ አንደኛ ማርሽ እየቀነስኩ፣ የእጅ ፍሬኑን እየጎተትኩ እንደምንም አቆምኩት። ወርጄ ሳይ የፊት ዲስኮቹ በሩቁ ይፋጃሉ። የኋላ ታምቡሮውን በእጄ ነካሁት፣ ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም።

ምክንያቱ የገባኝ ከተመለስኩ በኋላ ነው። የኋላው ዲፍረንሻል አጠገብ አንድ ቀጭን ዘንግ አለ፣ ሻንሲው ላይ ካለች ትንሽ ቫልቭ ጋር የተያያዘ። መኪናው ሲጫን የኋላው ዝቅ ይላል፣ ዘንጉ ቫልቯን ይገፋል፣ ለኋላ ጎማ ብዙ የፍሬን ጉልበት ይለቀቃል። ባዶ ሲሆን ከፍ ይላል፣ የኋላው እንዳይንሸራተት ጉልበቱ ይቀነሳል። እኔ መኪናውን ከፍ ሳስደርግ ቫልቯ ሁልጊዜ ባዶ ነን ብላ ታስባለች። ስድስት ሰው፣ ድንኳን፣ ሁለት ጀሪካን ናፍጣ ጭነን ፍሬኑን በሙሉ የተሸከመው የፊቱ ብቻ ነበር። ያስገጠምኩበት ጋራዥ ዘንጉን አልነካውም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ስለዚህ አንድ ቀን ከፍ ካስደረግከው መጀመሪያ ይህቺን ዘንግ ላስተካክልልህ የሚል ሜካኒክ ፈልግ። ምን እንደሆነች ካላወቀ ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ።

አሁን ወደ አንተ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ላቫጆ ውሰደውና ሥሩን ብቻ በደንብ አሳጥበው። ዘይት አትቀይር፣ ምንም አትፍታ። ሳምንቱን ነዳው። እሁድ ካርቶን አንጥፈህ ከሥሩ ግባ፣ አዲስ እርጥብ ያለበትን ሁሉ በስልክህ ፎቶ አንሳ። የሰላሳ ዓመት ቆሻሻ ላይ ግን የቱ የዛሬ፣ የቱ የድሮ እንደሆነ ማንም አይለይልህም።

ብዙ ጊዜህን የምትሰጠው ለፊት አክስል ነው፣ ለእሱም ሰበብ አለኝ። ከፊት ጎማ ጀርባ ትልቁን ብረት ኳስ ታየዋለህ፣ መሪ ስታዞር የሚገለጠውን። በንጹሕ ጨርቅ ጥረገው። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ተመልሰህ እይ። ስስ የግራሶ ፊልም ብቻ ካለበት ደህና ነው። እየቀለጠ የሚወርድ ጥቁር ነገር ካለና የሚሸተው የዲፍረንሻል ዘይት ከሆነ (ያንን ሽታ አንዴ ካወቅከው አይረሳህም፣ የበሰበሰ ሽንኩርት ይመስላል) ከአክስሉ ውስጥ ያለው ኦይል ሲል (ዘይቱ እንዳያልፍ የሚያግደው ላስቲክ) አልቋል ማለት ነው። ዘይቱ ወደ ኳሱ ገብቶ ግራሶውን ያቀጥነዋል። የእኔን ስፈታው ውስጡ ያለው ግራሶ አጥሚት ሆኖ ነበር፣ በማንኪያ የሚጠጣ። መገጣጠሚያውና ከላይና ከታች ያሉት ኩሽኔታዎች በዚያ ሲታሹ ከርመዋል። ሲል ራሱ እዚህ ግባ የሚባል ዋጋ የለውም፣ ያስከተለው ነው እንጂ።

ሳትፈታው የምትሞክራት ዘዴ አለች። በክሪክ አንሣው፣ ከሥሩ ድጋፍ አድርግ፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቀው። ከተንቀጠቀጠ ልጅህን ወይ ጎረቤትህን ፍሬን እንዲረግጥልህ ጠይቅና እንደገና ነቅንቅ። ንቅናቄው ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፣ ማጥበቅ ሊበቃው ይችላል። ካልጠፋ የኳሱ ኩሽኔታ ነው፣ መፈታቱ የግድ ነው። እዚያው እያለህ የመሪው ክንድ የታሰረባቸውን ነቶች ፈትሽ። ትልቅ ጎማ የሚገጥሙ ሰዎች መኪና ላይ ላልተው ያገኘኋቸው ብዙ ጊዜ እነሱን ነው። ሁለት ጎን ሙሉ መፍታትና መግጠም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሁለት እሁድ ይፈጃል። በአንድ እሁድ እጨርሳለሁ የሚልህን አትስማ፣ እኔ ሰኞ ቢሮ በታክሲ ሄጃለሁ።

ከዚያ የሞተሩ ቺንጋ። ዳሽቦርድህ ላይ በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ የሚበራ መብራት አለ። ግን ያንተ ቆጣሪ ሞቷል፣ መብራቱንም ቺንጋውን ሳይቀይሩ ማጥፋት ይቻላል። ስለዚህ ሻጩ "ተቀይሯል" ቢልህም አልተቀየረም ብለህ ያዝ። ይህ ሞተር ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ደግነቱ ሥራው የሚፈራ አይደለም፣ ቺንጋው የሚያገናኘው የናፍጣውን ፓምፕና ከላይ ያለውን ካምሻፍት ብቻ ስለሆነ የክራንኩን ፑሌ ማውጣት እንኳ አያስፈልግህም። ምልክቶቹን በነጭ ቀለም አድርግ፣ የሚወጥረውን ኩሽኔታ አብረህ ቀይር። እሱን ሶማሌ ተራ ስትገዛ አሮጌውን በእጅህ ይዘህ ሂድ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አሽከርክረህ ድምፁን ስማ። እኔ በሳጥኑ አምኜ የገዛሁት ገና ሳይገጠም ያንጫጫ ነበር።

ስለ ማቀዝቀዣው አንድ ነገር ብቻ። የኛ ሜካኒኮች "አገሩ ሞቃት ነው" እያሉ ቴርሞስታቱን አውጥተው የመጣል ልማድ አላቸው። በዚህ ሞተር ላይ ስህተት ነው። ይህ ቴርሞስታት ሲከፈት ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። አውጥተህ ከጣልከው ከፊሉ ውሃ ሳይቀዘቅዝ እየተመለሰ ይዞራል፣ ወደ አዋሽ ስትወርድ ሙቀቱ ይወጣብሃል፣ ጥፋቱንም ራዲያተሩ ላይ ትጥላለህ። ክዳኑንም እይ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ እንዳይፈላ ግፊት የሚይዘው ያ ክዳን ነው። ላስቲኩ ከተሰነጠቀ ቀይረው።

ካምቢዮና ትንሹ ካምቢዮ (ፎር ዊል የሚያስገባው) ዘይታቸው ለየብቻ ነው የሚቀመጠው፣ በመሃል ግን አንድ ሲል ነው ያለው። እሱ ሲያልቅ ዘይቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ መሬት ላይ ምንም አታይም። የሁለቱንም የዘይት መጠን በአንድ ቀን ለካ። አደራህን፣ የታችኛውን ማፍሰሻ ከመፍታትህ በፊት የላይኛው መሙያ መፈታቱን አረጋግጥ። እኔ እሁድ ማታ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ዘይቱን በሙሉ አፍስሼ የመሙያው ብሎን ዝጎ እንቢ ብሎኝ ያውቃል። ጎረቤቴ ጋሼ፣ ጡረታ የወጡ የድሮ ሜካኒክ ናቸው፣ በአጥር ላይ አይተውኝ "መጀመሪያ አፉን፣ ከዚያ ሌላውን" ብለው ስቀውብኝ ኪያቬና ቧንቧ ይዘው መጡ።

ማሻሻያ ካልክ ግን እኔ በጣም የምወደው አንድ አለ፣ ዋጋውም ጥቂት ሜትር ቱቦ ነው። ዲፍረንሻሎቹ ላይ መተንፈሻ አለ። የጋለ ዲፍረንሻል ወንዝ ውስጥ ድንገት ሲገባ ይቀዘቅዛል፣ አየር ይስባል፣ መተንፈሻው ውሃ ውስጥ ከሆነ ወይም ከተደፈነ ውሃውን በሲሎቹ በኩል ይጠጣል። ቱቦውን አስረዝመህ ኮፈኖ ሥር ከፍ አድርገህ እሰረው። ግማሽ ቅዳሜ ይበቃሃል።

ትልቅ ጎማ ለአሁን ይቆይ። ሞተርህ ቱርቦ የለውም፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ቀድሞውኑ የለም። ጎማ ስታተልቅበት እንጦጦን ስትወጣ ሦስተኛ ማርሽን ትረሳዋለህ፣ ፍሪሲዮንህም ይከፍላል። ቱርቦ ልጨምር የሚለውን ሐሳብማ ተወው፣ ይህ ሞተር መጨመቂያው (ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበት መጠን) ከ22 ለ1 በላይ ነው፣ ያለ ቱርቦ እንዲሠራ የተሠራ ነው። መብራት ከፈለግክ ሁለት ይበቃሃል፣ ግን ከባትሪው ቀጥታ ፊውዝና ሪሌ ይኑረው፣ ከድሮው የፊት መብራት ገመድ አትጠልፍ። ዊንች ለብቻህ ጭቃ ውስጥ ለምትገባ ሰው ነው። ለጊዜው አካፋ፣ ጥሩ መጎተቻ ገመድና የጎማ አየር መለኪያ ግዛ፣ አሸዋ ላይ የጎማውን አየር ወደ 20 ፒኤስአይ ስታወርደው ዊንች የሚያስፈልግህ ከምታስበው ያነሰ ነው።

ገንዘቡ ያሳዝነኛል ካልክ አትዘን። በ2016 (በእኛ አቆጣጠር) የነዳጅ መኪና ማስገባት ከታገደ ወዲህ እንዲህ ያለውን አሮጌ የሚንቅ ሰው የለም።

ኳሱን መጪው እሁድ ጥረገውና ረቡዕ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልን። የግራውንም የቀኙንም፣ መሪውን ጥግ ድረስ አዙረህ።