ጋሼ፣ እንግዳው ከመንገድ እንውጣ ቢለኝስ?

ባለፈው ሳምንት አራዳ ቡና እየጠጣሁ አንድ ልጅ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። በቱሪዝም ተመርቆ አስጎብኚነት ገና መጀመሩ ነው። «ጋሼ፣» አለኝ፣ «ስሜን ተራሮች ፓርክ ላይ እንግዳው ከመንገድ ወጣ እንበል ቢለኝ ምን ልበለው? እምቢ ካልኩት ቲፑም ቀረ፣ ስሜም ጠፋ።» እንዲሁ ጨዋታ ለመጀመር ያህል ነው የጠየቀኝ። እኔ ግን መልስ ጠፋኝ። ቡናዬም በረደ። ቤት ገብቼ ነው ይቺን የምጽፍላችሁ።

ጥቅምት 1989 ነው። ባልና ሚስት ፈረንጆች ይዤ ግጭ ካምፕ አድረናል። ጠዋት እሜት ጎጎ ወደሚባለው ገደላም ጫፍ ልንሄድ ነው። ሰውየው ካሜራ ወዳድ ነው፤ ፀሐይዋ ከፍ ሳትል ገደሉ አፍ ላይ ካልደረስን ብሎ ነፍሴን አወጣት። መንገዱ ዞሮ ነው የሚሄደው። በተዳፋቱ ሽቅብ ቢወጡት ግን ሃያ ደቂቃ እንደሚያተርፍ አውቃለሁ።

ስካውታችን፣ የፓርኩ ታጣቂ አጃቢ ማለቴ ነው፣ የግጭ ተወላጅ፣ ትልቅ ሰው ነው። ጠመንጃውን እንደ ዱላ ትከሻው ላይ አጋድሞ ነው የሚሄደው። «ተው ልጄ፣ አፈሩ ገና አልጠና» አለኝ። እውነቱን ነው። ክረምቱ ከወጣ ወር ቢሆነው ነው። እዚያ ላይ አፈሩ ጥቁርና ልል ነው፣ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይዞ ይቆያል፣ አቅፎ የያዘው ከላዩ ያለው ጓሳ ሣር ብቻ ነው። ሰምቼዋለሁ። ግን እኔ እንግሊዝኛ የምናገር የጎንደር ልጅ፣ እሱ ጋቢ ለባሽ ባላገር። ወጣን። ዕቃ የጫነችው በቅሎም ከኋላ ተከተለችን። ፎቶው ተነሣ፣ ቲፑም ዳጎስ ያለ ነበር። ለእናቴ ቤት ቆርቆሮ ገዛሁበት።

በሳምንቱ ሌላ አስጎብኚ በዚያው ወጣ። መንገድ ይመስላላ! ስካውቱ ለማንም ሳይናገር ድንጋይ ለቅሞ መግቢያው ላይ ደረደረ። እኔ ኅዳር ላይ ሌላ እንግዳ ይዤ ስመጣ በቅሎዋ አላልፍ አለች። ድንጋዩን አንድ ባንድ ወደ ጎን ገፋሁት። ከድንጋዩ ጀርባ የተረገጠው ጓሳ ቀና ማለት ጀምሮ ነበር። አይቼዋለሁ። ስካውቱ ቆሞ ያየኛል፤ ምንም አላለም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ዩኔስኮ ስሜንን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስገባው። እ.ኤ.አ. በ1978 ከመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች አንዱ የሆነ ቦታ በ1996 እንዲህ ተባለ። ዋልያው ቀነሰ፣ እርሻው ገፋ ሲሉ ሰምቼ እኔም ገበሬውን ወቀስኩ። እኔን ማን ይወቅሰኝ?

ክረምቱ አልፎ ስንመለስ አቋራጯ ቦረቦር ሆናለች። ስካውቱ ዱላውን ቢሰድበት እስከ ጉልበቴ ገባ። የጓሳው ሥር በሁለቱም በኩል እንደ ክር ተንጠልጥሏል። ከዳር የነበረች አንዲት ጅብራ፣ ያቺ ረጅሟ የደጋ ተክል፣ ተጋድማለች። ጅብራ በዕድሜዋ አንዴ ብቻ አብባ ነው የምትሞተው። ያቺ ሳታብብ ሄደች።

አሁን ለልጁ ያልነገርኩትን ልንገራችሁ። ያን ቀን የዘገየነው በእኔ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ልቀሰቅሳቸው ተቀጣጥረን፣ ማታ ከበቅሎ ጫኞቹ ጋር አረቄ ስል አምሽቼ 11 ተኩል ነቃሁ። እንግዳው ከመንገድ ውጣ አላለኝም። ፀሐይ አታምልጠኝ ነው ያለኝ። ስለዚህ ልጆቼ፣ እምቢ ማለት ከመማራችሁ በፊት በሰዓቱ መነሣት ተማሩ። ከመንገድ እንደማይወጣም ደባርቅ ላይ፣ ገና የፓርኩን ወረቀት ስትጨርሱ ንገሯቸው። ገደሉ አፍ ላይ ቆሞ ክርክር አያምርም።

ቆሻሻ አትጣሉ ምናምን አልላችሁም፣ እሱን እናታችሁ ነግራችኋለች። ውሻ ግን ተከትሏችሁ ካምፕ እንዳይገባ። ቀይ ቀበሮን የሚፈጀው የውሻ በሽታ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ ደግሞ ሣር በል ነው፤ ለቲክቶክ ብላችሁ ሙዝ የምትወረውሩለትን ሳይ ደሜ ይፈላል። የዘንድሮ ልጅ ነገሩ ሁሉ ስልክ ነው። እርግጥ የወፍ ስም ከእኛ ዘመን አስጎብኚ በላይ ታውቃላችሁ፣ አልክድም። በጦርነቱ እንግዳ ሲጠፋም ሥራውን ያልተዋችሁ አላችሁ። ለቲፕ መስገብገባችሁንም አልወቅስም። እኔም ልጆቼን ያሳደግኩት በቲፕ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የግጭ መንደር ሰዎች ከፓርኩ ተነሥተው ደባርቅ ሰፈሩ። በዓመቱ ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። በዚህ ነገር እስከ ዛሬ ሁለት ልብ ነኝ። ሣሩ ተረፈ እላለሁ፤ ያን ድንጋይ የደረደረው ሰውዬ አገሩን ለቀቀ፣ የናድኩት እኔ ግን አሁንም እወጣለሁ እወርዳለሁ።

አንድ ቀን ደባርቅ ገበያ አገኘሁት። ሸምግሏል። ተሳሳምን፣ ስለ ልጆቼ አንድ ባንድ ጠየቀኝ። ከዚያ እጄን ሳይለቅ፣

«ያቺ መንገድህ ተዘጋች?» አለኝ።

«አልተዘጋችም» አልኩት።